ክብርት አራሚና ሰባቱ ደረጃዎች

አራሚ የሌለበት ሰፈር የለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየለቅሶ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲሰጡት የሙሽራዋን ስም ሳይጠይቅ የቀረችውን ነጥብ የሚያሳይ፣ ሌላው ሰው ዜና ሲያዳምጥ እሱ የዜና አንባቢውን ሰዋስው የሚያዳምጥ። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ሁልጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። አልፎ አልፎ ቢሳሳትልን ኖሮ እንወደው ነበር።

በሐረር ይህን ማዕረግ የያዙት ወይዘሮ ወይንሸት ደምሴ ናቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን በአማርኛ መምህርነት ተመድበው መጡ፤ ሐኪም ጋራ ሥር ቤት ሠርተው በዚያው ቀሩ። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡት ግን ከማስተማሩ እንጂ ከማረሙ አይደለም። ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ምግብ ቤት ገብተው የምግብ ዝርዝሩን አርመው፣ ምንም ሳያዙ የወጡበት ቀን አለ። አንድ የሥራ ባልደረባቸው የሞቱ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ» ተባለ። ከለቀስተኛው መሀል «አርባ ስምንት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንባቢው ቀና ሲል ወይዘሮ ወይንሸት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አርባ ስምንት ነው፤ የጡረታ ፎርሙን አብረን ነው የሞላነው» አሉ። የሟች ልጅ ከሰልስት በኋላ ሰነዱን አውጥቶ ሲያይ አርባ ስምንት ሆኖ አገኘው። ይሄኔ ነው በደንብ የተቀየማቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሌላውን ጽሑፍ የሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አለ ሲባሉ ምን ይሆናሉ? ያሳየቻቸው ልጃቸው ብሌን ናት፤ ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥታ። ወይዘሮ ወይንሸት አንዱን ገጽ አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይኼን ሁሉ ማረም ይቻላል?»

«ይቻላል እማዬ።»

«ማንንም ሳያስፈቅዱ?»

«ማንንም።»

ብሌን እንደምትለው የእናቷ ፊት እሷ የተመረቀች ዕለት እንኳ እንዲያ አልበራም።

በአማርኛው መዝገበ ዕውቀት ላይ ዘወትር የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች፣ እሳቸውን ጨምሮ፣ በየከተማው ተበታትነው ያሉ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከጀርባው የውይይት ገጽ አለው፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ትክክለኛነቱ የሚከራከሩት እዚያ ነው። ወይዘሮ ወይንሸት እዚያ ገጽ ላይ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቁም። «ምንጭ?» ይላሉ። በቃ። ይህ ነገር ከየት መጣ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ገጽ ማለታቸው ነው። ሲብስባቸው «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» የሚል ይጨምራሉ። አንድ የጅማ ወጣት ሦስት ሳምንት የደከመበትን ጽሑፍ አስገብቶ በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ አራት «ምንጭ?» ቢደርሰው ዳግመኛ አልተመለሰም።

በዚያ መዝገበ ዕውቀት አንዱ ሌላውን በአንድ ቁልፍ ማመስገን ይችላል፤ የምስጋናው ብዛትም ለሁሉም ይታያል። ክብርት አራሚ በአራት ዓመት ውስጥ ያገኙት ምስጋና ሦስት ነው። አንደኛውን የላከው ሰው በስህተት እንደነካው ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል።

አብዱልፈታ ደግሞ ሁለት መቶ አርባ ስድስት አለው። ቁጥሩን እንዲህ አስተካክለው የሚያውቁት ወይዘሮ ወይንሸት ናቸው፤ በየማለዳው ቁርስ ሳይቀምሱ ያዩታል። «ቅናት አይደለም» ይላሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «የምከታተለው ለጥራት ነው።»

አብዱልፈታ ልብስ ሰፊ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር መንገድ፣ ወደ አርባ ዓመቱ የተጠጋ ዝምተኛ ሰው። ወይዘሮ ወይንሸት ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሥልጠና ሲሰጡ አሥራ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ አሥሩ ለሻይና ለብስኩቱ፣ አንዱ ለትምህርቱ። አንዱ እሱ ነው። የግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍ፣ የመጽሐፍ አጠቃቀስ፣ ሁሉንም በደብተር ይዞ ሄደ። «መምህርት» ሲላቸው ደስ ይላቸው ነበር። በየሳምንቱ ደውሎ የሚጠይቃቸው ብቸኛ ደቀ መዝሙራቸው ሆነ። ለጎረቤት ሁሉ «አንድ ጎበዝ ልጅ አፍርቻለሁ» ይሉ ነበር።

ልጁ ጎበዝ ሆኖ ቀረ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አብዱልፈታ ሱሪ እየጠቀመ፣ በመሀል ስልኩን እያነሳ፣ ስለ አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ ስለ ስፌት ጌጦች ስም፣ ስለ ሐረር ቀሚስ ቅድ ይጽፋል። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ሰው የሚወደው ግን ለአጻጻፉ አይደለም። የተሳሳተ ጽሑፍ ሲያይ «አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣ አላህ ዕውቀት ይጨምርልህ፤ ቆንጆ ሥራ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» ብሎ ይጀምራል። ትንሿ ነገር ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በሙሉ ስህተት መሆኑ ናት። ጸሐፊው ግን አመስግኖት፣ ጽሑፉን በገዛ እጁ ሰርዞ ይሄዳል። ይቺኑ ስህተት ወይዘሮ ወይንሸት ከአንድ ሰዓት በፊት አይተው «ስህተት። ምንጭ?» ብለው ነበር፤ ያገኙት መልስ ስድብ ነው።

ያስተማሩት ልጅ በእሳቸው ዕውቀት የእሳቸውን ፍቅር ወሰደባቸው። ስለ ነገሩ ሲያስቡ የሚሰማቸው እንደዚህ ነው።

የባሰው ባለፈው ዓመት መጨረሻ መጣ። አብዱልፈታ በድሬ ጠያራ ገጠር ስለሚገኝ፣ ቡርቃ ነጋያ ስለሚባል የውሃ ምንጭ አጭር ጽሑፍ አስገባ። የእናቱ አገር ነው። ወደ ውሃው የሚያወርዱ ሰባት የድንጋይ ደረጃዎች አሉት ብሎ ጻፈ፤ ስለ ደረጃዎቹ ግን መጽሐፍም ሰነድም አልጠቀሰም። ወይዘሮ ወይንሸት ይህን ሲያዩ የጠበቁት ቀን ደረሰላቸው። በውይይቱ ገጽ ላይ በትልልቁ «ምንጭ የለም!» ብለው ጻፉ።

አብዱልፈታ መለሰ፦ «ኧረ አለ መምህርት፤ በበጋም አይደርቅም። ከፈለጉ እኔው ራሴ ወስጄ አሳይዎታለሁ።»

የዋህነቱ ይሁን ተንኮሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሌሎቹ ሁሉ ግን ሳቁ። የስብስቡን ሥራ የሚያስተባብረው የሐዋሳው ሚኪያስ የሳቅ ምልክት በተርታ ደረደረ። በዚያ አንድ መልስ አብዱልፈታ፣ ገጹን ከሚጎበኘው አንባቢ ጭምር፣ ሃያ ሁለት ምስጋና አገኘ።

በሳምንቱ ሚኪያስ ማስታወቂያ አወጣ። መዝገበ ዕውቀቱ አንድ አዲስ አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል፤ ገጽ መቆለፍ፣ ተሳዳቢን ማገድ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ የሚችል። ወይዘሮ ወይንሸት ማስታወቂያውን አንብበው ለምርጫው የሚሆን ፎቶግራፍ ሲመርጡ አመሹ። በማግስቱ ገጹን ሲከፍቱ ሚኪያስ ዕጩውን አቅርቦ አገኙት። «በትክክለኛነቱም በጨዋነቱም ሁላችንም የምንመሰክርለት ወንድማችን አብዱልፈታ።»

ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ምርጫው ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው ባጃጅ ተኮናትረው ድሬ ጠያራ ወረዱ። መንገዱ ሲያበቃ በጫትና በማሽላ ማሳ መሀል ሩብ ሰዓት በእግራቸው ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምንጩ ዳር ጥቂት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። አንዲት ሃምሳ የሚሆናት ሴት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ነጋያ? ሰላም ነው? ምን ጠፋብሽ እህቴ?»

«ደረጃውን ልቆጥር ነው የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት እያለከለኩ።

«ምኑን?»

«ደረጃውን።»

ሴቶቹ ተያዩ። «መንግሥት ነው የላከሽ?»

«አይ፤ ለመዝገበ ዕውቀት ነው።»

«እሱ ቢሮው ወረዳ ነው?»

ወይዘሮ ወይንሸት መቁጠር ጀምረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ውሃ ነው። እንደገና ወጥተው በያዙት ጃንጥላ እያንዳንዱን እየነኩ ቆጠሩ። አምስት። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማቸው ስንት ዓመት ሆናቸው!

«አምስት ነው» አሉ ጮክ ብለው።

«አምስት አይደለም» አለች ሴትየዋ። «ሰባት ነው። ዘንድሮ ክረምት ጎርፉ ሁለቱን አፈር አልብሷቸው ነው። ነይ እዪ።» ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባችና ጭቃውን በተረከዟ ጠረገችው። ከሥሩ የተጠረበ ነጭ ድንጋይ ጠርዝ ብቅ አለ። «ይኸውልሽ ስድስተኛው። ከሱም በታች አለ፤ እጅሽን ብታስገቢ ትነኪዋለሽ።»

ወይዘሮ ወይንሸት አዩ። በደንብ አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ፤ ከዚያ በኩል ነጩ ጠርዝ አይታይም። ፎቶ አነሱ።

በሕይወታቸው የሰውን ሐሰት እንጂ የራሳቸውን አርመው አያውቁም፤ አልነበራቸውማ። በባጃጅ ሲመለሱ «የምጽፈው ነገር ውሸት አይሆንም» ይላሉ ለራሳቸው። «የሚታየው አምስት ነው። የሚታየውን ነው የምጽፈው።» ይህን ቤታቸው እስኪደርሱ ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገሙት።

በምርጫው ዕለት ጠዋት በውይይት ገጹ ላይ ይህን ለጠፉ፦ «በቦታው ተገኝቼ አረጋግጫለሁ። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ፎቶው ተያይዟል። አስተዳዳሪ ልሁን የሚል ሰው እስከ አምስት መቁጠር ቢችል መልካም ነበር።»

ከቀትር በኋላ አብዱልፈታ ጻፈ።

«መምህርት፣ አላህ ያክብርልኝ። ከእኛ መሀል ለአንድ ቁጥር ብሎ በዚህ ፀሐይ ድሬ ጠያራ የሚወርድ ማን አለ? እኔ ከልጅነቴ ትዝታ ነው የጻፍኩት፤ አስተካክያለሁ። ራሴን ከዕጩነት አውጥቻለሁ። ድምፄን ለመምህርት ሰጥቻለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።»

አደረጉ። ወይዘሮ ወይንሸት በዘጠኝ ድምፅ ተመረጡ፤ አንዱ የራሳቸው ነው። «እንኳን ደስ አለዎት» ያሏቸው ስድስት ሰዎች ናቸው። ራሱን ላወጣው ለአብዱልፈታ ግን ሠላሳ አንድ ምስጋና ደረሰው። ሹመቱንም ያገኙት እሱ ስለለመነላቸው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠውም ባለወንበሩ እሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብዱልፈታ ምንም አልጻፈም። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን። ወይዘሮ ወይንሸት በየማለዳው ገጹን ይከፍታሉ፤ የሚያርሙት የለም። የሌሎቹን ጽሑፎች ሞከሯቸው፤ ስህተታቸው አይጥምም። የአንድ ሰው ስህተት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የቆየ እንደሆነ የሌላው አይተካውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዚፑ ደህና የሆነ ቀሚስ ይዘው፣ ዚፑን ራሳቸው በጉጠት አበላሽተው፣ ጀጎል ገቡ።

አብዱልፈታ ሲያያቸው ከመኪናው ተነስቶ በርጩማውን ጠረገላቸው።

«መምህርት! እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ።»

«ዚፕ ተበላሽቶብኝ ነው።»

ቀሚሱን ተቀብሎ አየው፤ ዚፑን አየው። መፍታት ጀመረ።

«ለምን አትጽፍም?» አሉት።

«የዒድ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«አብዱልፈታ።»

ቀና አለ።

«ስድስተኛውን አይቼዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ከመንገዱ የስፌት መኪና ጩኸት በታች ሆነ። «አንዲት ሴት ጭቃውን ጠርጋ አሳየችኝ። አይቼ ነው አምስት ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ያቺ ሴት አክስቴ ናፊያ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። የዚያኑ ዕለት ደወለችልኝ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ደረጃ በጃንጥላ እየመታች ትቆጥራለች፣ ጤናዋን ነው ወይ አለችኝ።»

ወይዘሮ ወይንሸት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እዚያው ገጽ ላይ ለምን አታጋልጠኝም?»

«በሰው ፊት? የግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍ ያስተማረኝን ሰው?» ራሱን ነቀነቀ። «ሐራም ነው መምህርት። ደግሞ ሹመቱን ይፈልጉት ነበር፤ እኔ ሱሪ ነው የምጠቅመው፤ ምን ያደርግልኛል?»

ሰው ይቅር ሲባል ደስ ይለዋል ይባላል። ወይዘሮ ወይንሸት ግን ከተቀመጡበት የተነሱት በንዴት ነው። ምስጋናው የሱ፣ ፍቅሩ የሱ፤ አሁን ደግሞ ይቅርታውም የሱ ሊሆን! ለእሳቸው ምን ሊተርፍ ነው? «ዚፑን ሐሙስ እወስዳለሁ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ በውይይት ገጹ ላይ ይህ ጽሑፍ ታየ፦

«እኔ ወይንሸት ደምሴ ስለ ቡርቃ ነጋያ ደረጃዎች የጻፍኩት ሐሰት ነው። ሁለቱ በደለል መሸፈናቸው ተነግሮኛል፤ ስድስተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፎቶውንም እንዳይታይ አድርጌ ነው ያነሳሁት። ይህን ያደረግሁት በቅናት ነው። ሹመቱን እመልሳለሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ምርጫ ይደገም።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲያዩት «በቅናት» የሚለው ቃል የለም። በምትኩ «በሥራ ብዛት» ይላል። ማን እንደለወጠው ገጹ ራሱ ይናገራል፤ አብዱልፈታ።

ወይዘሮ ወይንሸት ወደ ነበረበት መለሱት። እሱ «በመዘንጋት» አደረገው። መለሱት። «ሐሰት ነው» የሚለውን «መጠነኛ ክፍተት አለበት» አደረገው። መለሱትና ከሥሩ ጻፉ፦ «የሌላ ሰው አስተያየት መለወጥ ከመዝገበ ዕውቀቱ ሥነ ምግባር ውጭ ነው። እንዲህ አይደረግም።» ጨዋው አብዱልፈታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ተላለፈ ማለት ነው። ያውም ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ወይዘሮ ወይንሸት የቀራቸውን የሦስት ቀን ሥልጣን ተጠቅመው ገጹን ቆለፉት። የአስተዳዳሪነት ዘመናቸው ብቸኛ ሥራ ይኸው ነው። የገዛ ኃጢአታቸውን ማንም እንዳያለዝበው ዘጉበት።

ቅዳሜ ስልካቸው ጮኸ።

«መምህርት፣ እባክዎ ይክፈቱት። ሰው ሁሉ እያነበበው ነው። እንዲህ ያለ ቃል በእርስዎ ስም ሲታይ እኔ አፍራለሁ።»

«አልከፍትም።»

«አንድ ቃል ብቻ። ቅናት የሚለውን ብቻ ልቀይረው።»

«ትክክል ነው፤ አይቀየርም» አሉ። ከዚያ ጨመሩበት። «ደግሞ ሰባት አይደለም።»

«ምን አሉኝ?»

«ደረጃው። አሁን እዚያው ነኝ። አክስትህና ጎረቤቶቿ ደለሉን በአካፋ ጠርገውልኛል። ስምንት ነው። ፎቶ አንስቻለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ስምንት?»

«ስምንት።»

«እዚያ ነው ያደግኩት! እናቴ እጄን ይዛ ያስቆጠረችኝ ቦታ ነው! ሰባት ነው!»

«ስምንት ነው። አክስትህን ላቅርብልህ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ውሸት ሲጻፍበት ዝም ያለ፣ ሹመቱን ፈገግ ብሎ የሰጠ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ተሳዳቢ እንኳ ክፉ ቃል ያልመለሰ ሰው ጮኸ። «ሴትዮ! እርስዎ ምን ዓይነት ግትር ነዎት! ሰው እኮ አንድ ቀን እንኳ ዝም ይላል! አንድ ቀን! ወላሂ ከእርስዎ ጋር ከመነጋገር ከዚያ ድንጋይ ጋር መነጋገር ይሻላል!» ሌላም ብዙ አለ። ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው።

ናፊያ የስልኩን ጩኸት አካፋዋን ተደግፋ ቆማ ሰምታለች። «ምነው? ልጁ ተቆጣሽ እንዴ?» አለች።

«ተቆጣኝ» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት። ፊታቸው በርቶ ነበር። «ጮኸብኝ።»

በድጋሚው ምርጫ አብዱልፈታ ተመረጠ፤ ወይዘሮ ወይንሸትም ድምፃቸውን ለሱ ሰጡ። አሁን ለሁሉም እንደ ድሮው ነው፤ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መኪና ግርግር የሚያልፍ ሰው፣ አንድ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «መምህርት፣ አሁንስ አበዙት!» እያለ ሲጮህ ይሰማል። ሐኪም ጋራ ሥር ደግሞ አንድ ወይዘሮ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይዘው በፈገግታ ያዳምጣሉ። ስምንቱም ሰዎች ጨዋነቱን ተካፍለዋል። እንዲህ አድርጎ የሚቆጣው ግን እሳቸውን ብቻ ነው፤ ይህንንም ለማንም አያካፍሉም።